በአንድ ዝናር ውስጥ የሦስት ጠመንጃ ጥይት

ከአራዳ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ የደረሰኝ ጥያቄ አጠር ብሎ ሲቀርብ እንዲህ ይላል፦

«አያቴ በጠላት ወረራ ዘመን አርበኛ ነበሩ። የኖርንበት ቤት ሊፈርስ ስለሆነ ዕቃ ስናወጣ ከቆጡ ላይ በጆንያ የተጠቀለለ ረጅም ጠመንጃና አንድ የቆዳ ዝናር አገኘን። ጠመንጃውን አያቴ ውጅግራ ይሉት ነበር። ዝናሩ ውስጥ 23 ጥይቶች አሉ። ዘጠኙ ወፍራም ሆነው ጫፋቸው እርሳስ ነው። ስድስቱ ቀጠን ያሉ ሲሆኑ ቂጣቸው ላይ ክብ ቦይ ተቀርጾባቸዋል። ስምንቱ ረዘም ያሉ፣ ጫፋቸው ድቡልቡል፣ ቂጣቸው ላይ 936 የሚል ቁጥር ያለባቸው ናቸው። አጎቴ ሁሉም የውጅግራ ጥይት እንደሆነና ቀጫጭኖቹ በወረቀት እየተጠቀለሉ ይተኮሱ እንደነበር ይናገራሉ። ለአያቴ የሙት ዓመት ሁለት ሦስቱን ወደ ሰማይ ለመተኮስ አስበናል። ይሠራሉ? ካልሠሩ አዲስ ጥይት ይገኝለታል? ፒያሳ ያለ አንድ ሰው ደግሞ ቀለሃዎቹን ለጌጥ እገዛችኋለሁ ብሎናል፤ ብንሸጥለትስ?»

መልሱን አስቀድሜ ምክንያቱን አስከትላለሁ። ከ23ቱ አንዱንም አይተኩሱ፣ አይፍቱ፣ አይሽጡ። በዝናሩ ውስጥ ያሉት የሦስት የተለያዩ ጠመንጃዎች ጥይቶች ናቸው። ከሦስቱ ቢበዛ አንዱ ዓይነት ብቻ ነው በእጅዎ ካለው ጠመንጃ ጋር ሊስማማ የሚችለው፤ የትኛው እንደሆነ ግን «ውጅግራ» የሚለው ስም ብቻውን አይነግረንም። አጎትዎ የሚያስታውሱት የወረቀት ነገር መሠረት ያለው ቢሆንም ቦታውን ስቷል፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ከስሙ ልጀምር። «ውጅግራ» ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ከሚሉት የመጣ ቃል ነው። «ፉዚ» ጠመንጃ ማለት ሲሆን ግራ መሣሪያውን የነደፈው የፈረንሳይ መኮንን የባዚል ግራ ስም ነው። ጠመንጃው በፈረንሳይ ጦር ውስጥ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1874 ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ አዲስ ጠመንጃ ሲተካው ከመጋዘን የወጣው ትርፍ በነጋዴዎች እጅ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ወርዶ፣ በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ወደ ሸዋና ወደ ሐረር ዘለቀ። ሌሎቹም የድሮ ስሞቻችን የተወለዱት በዚሁ መንገድ ነው። «ሰናድር» የእንግሊዙ ስናይደር ነው፤ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ግርጌ፣ በአሮጌ ሜዳ፣ በናፒየር ወታደሮች እጅ የነበረው ጠመንጃ ማለት ነው። ረሚንግቶን በብዛት የታወቀው ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ የግብፅን ጦር ድል አድርገው መሣሪያውን ከማረኩ በኋላ ነው።

ነገር ግን ስም ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ከዕቃው ይላቀቃል። በሥራዬ ዘመን «ምንሽር» ተብለው የቀረቡልኝ ጠመንጃዎች የአንድ አገር ሥራም የአንድ ጥይት ጎራሽም አልነበሩም። «አልቢን» ሲባልም እንደዚያው ነው። «ውጅግራ» ደግሞ በብዙ ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ማንኛውም ረጅም የድሮ ጠመንጃ መጠሪያ ሆኗል። አያትዎ ስሙን በትክክል ተጠቅመውበት ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ስሙን ይዤ ጥይት አልመርጥም።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ፈረንሳዮች ጠመንጃ አጥሯቸው ስለነበር ከግራ ጠመንጃዎቻቸው ብዙዎቹን በርሜላቸውን ለውጠው ግራን የተካውን የአዲሱን ጠመንጃ፣ የለበልን፣ የ8 ሚሊሜትር ጥይት እንዲተኩሱ አደረጓቸው። ጣሊያኖችም በዚያው ጦርነት የድሮውን ቬተርሊ፣ ለጥቁር ባሩድ የተሠራውን የ10.4 ሚሊሜትር ጠመንጃ፣ በርሜሉ ውስጥ ቀጭን ቱቦ እያስገቡ ለ6.5 ሚሊሜትር ጥይት ቀየሩት። ሰደፉና መዝጊያው የድሮው ሆኖ ሳለ ጉሮሮው ሌላ የሆነ ጠመንጃ አለ ማለት ነው። ከውጭ አይቶ መፍረድ ያሳስታል። ጥይቱ የሚቀመጥበትን ክፍል፣ ማለትም መጉረሻውን፣ በመለኪያ የለካ ሰው ብቻ ነው በእርግጠኝነት መናገር የሚችለው።

አሁን ወደ ጥይቶቹ። ዘጠኙ ወፍራሞች፣ በገለጻዎ መሠረት፣ የግራ ጥይቶች ናቸው። የዚህ ጥይት ቀለሃ ከናስ የተሠራ ሲሆን ርዝመቱ 59 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ነው። ቂጡ ዙሪያውን ወጣ ያለ ክብ ጠርዝ አለው፤ ጥይቱ መጉረሻው ውስጥ ገብቶ እንዳይሰምጥ የሚይዘው ይህ ጠርዝ ነው። አረሩ፣ ማለትም ከአፈሙዝ የሚወጣው ክፍል፣ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ ነው። ከጀርባው ያለው 5 ግራም ከሩብ ገደማ ጥቁር ባሩድ ሲሆን፣ ይህን ከባድ እርሳስ በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ያስወነጭፈዋል። እርሳሱ የበርሜሉን ጥምዝ ቦይ በቅላጩ እንዳይሞላው ታችኛው ክፍሉ በስስ ወረቀት ተጠቅልሏል። ከዘጠኙ አንዱን ከዝናሩ ሳያወጡ በብርሃን ቢመለከቱት ከቀለሃው አፍ ላይ የወረቀቱ ጠርዝ እንደ ጠቆረ ክር ብቅ ብሎ ይታይ ይሆናል። የአጎትዎ ወረቀት ይህ ነው። በፋብሪካ የተጠቀለለው የወፍራሙ ጥይት አረር ነው፤ ቀጭኑን ጥይት ለማወፈር በሰው እጅ የተጠቀለለ ወረቀት አልነበረም። የታሪኩ ግማሽ በትክክል ተላልፎ ግማሹ መንገድ ላይ ተቀይሯል።

ይህ ጥይት ከሥራ ከወጣ በኋላም እንደገና ተፈልጎ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአየር ምልከታ ፊኛዎችን ለማቃጠል ተቀጣጣይ ቅመም የሚይዝ ሰፊ አረር አስፈላጊ ሲሆን፣ ትናንሾቹ አዳዲስ ጥይቶች በቂ ቦታ ስላልነበራቸው የግራው 11 ሚሊሜትር ቀለሃ ለቪከርስ መትረየስ እንዲያገለግል ተደርጎ ተሠራ። አርባ ዓመት ያለፈው ጥይት ከአውሮፕላን ላይ ተተኮሰ።

ስድስቱ ቀጫጭኖች የለበል ጥይቶች ይመስሉኛል፤ በአገራችን «ለበን» ይባል የነበረው ማለት ነው። ይህን ለማለት ያስደፈረኝ ቂጣቸው ላይ አለ ያሉት ክብ ቦይ ነው። የለበል ጠመንጃ ጥይቶቹን የሚይዘው ከበርሜሉ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ፣ አንዱን ከሌላው ኋላ አሰልፎ ነው። በዚህ አሰላለፍ የኋለኛው ጥይት ጫፍ የፊተኛውን ቂጥ ይነካል። ሾጣጣ አረር እ.ኤ.አ. በ1898 ሲመጣ ጫፉ የፊተኛውን ጥይት መለኮሻ፣ ማለትም ቂጡ መካከል ያለውን ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን ክፍል፣ ወግቶ ቱቦው ውስጥ እንዳያፈነዳው ተሰጋ፤ ስለዚህ ጫፉ የሚያርፍበት ቦይ ከመለኮሻው ዙሪያ ተቀረጸ። በእጅዎ ያለው ትንሽ ክብ ጭረት የዚያ ሥጋት መልስ ነው። በዘመኑ ከነበሩት ጥይቶች ለበልን ወዲያውኑ የሚያስለየው ይህ ምልክት ነው።

ለበል በጥይት ታሪክ ውስጥ ትልቁ መታጠፊያ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ፖል ቪየይ የተባለው ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሰው እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ አልባ ባሩድ ሠራ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በዚህ ባሩድ የሚሠራ የመጀመሪያው የጦር ጠመንጃ ወጣ። ከዚያ በፊት የተኮሰ ወታደር ራሱ በተኮሰው ጭስ ይሸፈን ነበር፤ ጠላትም ቦታውን በጭሱ ያውቅበት ነበር። አዲሱ ባሩድ ጭሱን አስቀርቶ ቀጭንና ቀላል አረርን በሴኮንድ ከ600 ሜትር በላይ አስወነጨፈ። ፈረንሳዮች ግን ቸኩለው ስለነበር አዲስ ቀለሃ አልነደፉም፤ የግራውን ቀለሃ አንገቱን አጥብበው 8 ሚሊሜትር አረር እንዲይዝ አደረጉት። ከወገቡ በታች ሰፊ ሆኖ ወደ ትከሻው በሁለት ደረጃ የሚጠበበው የለበል ቀለሃ ቅርጹ የመጣው ከዚህ ነው። ሁለቱ ጥይቶች አባትና ልጅ ናቸው ማለት ይቻላል።

አደጋው የተወለደውም ከዚሁ ዝምድና ነው። የለበል ጥይት ቂጥ ስፋት 16 ሚሊሜትር፣ የግራው 17 ሚሊሜትር ያህል በመሆኑ የለበሉ ጥይት የግራ መጉረሻ ውስጥ እየተንቀጫቀጨ ይገባል፤ ከቂጡም ይያዛል። የገባ ሁሉ ግን የሚተኮስ አይደለም። ቀጭኑ ቀለሃ በሰፊው ክፍል ውስጥ ግድግዳ አጥቶ ይቀደዳል፤ ነበልባሉና የናሱ ስንጣሪ በመዝጊያው በኩል ወደ ተኳሹ ዓይንና ጉንጭ ይመለሳል። 8 ሚሊሜትሩ አረርም በ11 ሚሊሜትር በርሜል ውስጥ የሚይዘው አጥቶ ከግራ ቀኝ እየተጋጨ ይወጣል። በወረቀት መጠቅለል ከእነዚህ አንዱንም አያስቀርም።

የባሩዱ ልዩነት ነገሩን ያባብሰዋል። ጥቁር ባሩድ ቢታፈንም ባይታፈንም የመቃጠያ ፍጥነቱ ብዙ አይለዋወጥም። ጭስ አልባው ግን ግፊቱ ሲጨምር እሱም ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግፊቱን መልሶ ያሳድገዋል። የግራ ጠመንጃ የተሠራው ለመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ መዝጊያውን ከኋላ የሚይዘውም የመዝጊያው እጀታ የተተከለበት አንድ ጉብታ ብቻ ነው። ከ130 ዓመት በላይ የቆየ፣ ውስጡ በዝገት የተበላ ብረት በአዲስ ባሩድ ሲፈተን ምን እንደሚሆን ለማየት የሰው እጅ መስጠት አያስፈልግም።

ስምንቱ ባለ ድቡልቡል ጫፎች የጣሊያን ናቸው፤ የካርካኖ ጠመንጃ የ6.5 ሚሊሜትር ጥይት። ቀለሃቸው 52 ሚሊሜትር ሲሆን እንደ ግራና እንደ ለበል ወጣ ያለ ጠርዝ የላቸውም። ቂጣቸው ከሰውነታቸው እኩል ሆኖ ዙሪያውን መጎተቻ ቦይ ተቀርጾበታል። አንዱን ወደ ግራ መጉረሻ ቢከቱት የሚይዘው ስለሌለ ወደ ውስጥ ገብቶ ይሰምጣል፤ በበትር ወግቶ ማውጣት ደግሞ የባሰ ስህተት ነው። የካርካኖ ጥይቶች ስድስት ስድስት ሆነው በናስ ወይም በብረት ማቀፊያ ከእነማቀፊያቸው የሚጎርሱ ናቸው። በአያትዎ ዝናር ውስጥ ግን አንድ በአንድ ገብተዋል፤ ይህ ብቻውን ጥይቶቹ ከመጀመሪያ ባለቤታቸው እጅ ወጥተው በሌላ ሰው እንደተሰደሩ ያሳያል።

936 የሚለውን ቁጥር የመለያ ቁጥር አድርገው አይቁጠሩት፤ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠርም አያንብቡት። ጣሊያኖች በዚያ ዘመን ዓመቱን በሦስት አኃዝ ይመቱ ነበር፤ 936 ማለት እ.ኤ.አ. 1936 ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር 1928 ወይም የ1929 መጀመሪያ ይሆናል፤ ማይጨው የተዋጋንበትና ጠላት አዲስ አበባ የገባበት ዓመት። ከቁጥሩ አጠገብ «ኤስ ኤም አይ» ወይም «ቢ ፒ ዲ» የሚሉ የላቲን ፊደላት ካሉ የፋብሪካው ምልክት ናቸው። ስለዚህ እነዚህ ስምንት ጥይቶች ወረራው በተካሄደበት ዓመት ጣሊያን ውስጥ ተመርተው፣ ባሕር ተሻግረው መጥተው፣ በሆነ መንገድ አያትዎ ወገብ ላይ ደርሰዋል። ይህን መስመር ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ የአንድ አርበኛ የሕይወት ታሪክ በሁለት ሴንቲሜትር በማይሞላ ናስ ላይ ተመትቶ ሲገኝ ዘወትር የሚሰማኝ ስሜት ነው።

አንድ ሰው ለምን ሦስት ዓይነት ጥይት ይታጠቃል ብለው መጠየቅዎ አይቀርም። አንደኛው ምክንያት አርበኛው የጥይት ፋብሪካ ያልነበረው መሆኑ ነው። የሚዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ከጠላት በማረከው ነበር፤ የማረከው ከጠመንጃው ጋር ባይገጥም የሚገጥምለት ጓድ ነበረው፤ ይለዋወጣሉ። ሁለተኛው ምክንያት ከዚያ የቆየ ነው። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ጥይት ከማሪያ ትሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር፤ የግራና የለበል ጥይቶች ደግሞ በገበያ ላይ በሰፊው ከታወቁት ነበሩ። አንድ ብር ለማይሞላ ነገር ጥይት ቆጥሮ መስጠት የተለመደ ነበር። በዝናር ላይ ያለ ጥይት ሁሉ ለመተኮስ ተብሎ የተያዘ አልነበረም፤ አንዳንዱ የኪስ ገንዘብ ነበር። ሀብቱን በዝናሩ የሚያሳይ ሰውም ነበር።

ይህ የጥይት መደባለቅ የአገሪቱ ሁሉ ታሪክ ነው። ባለቅኔው አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ወደ እንጦጦ ለንጉሥ ምኒልክ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ ይዞ ሲመጣ አብዛኞቹ በውጭ መለኮሻ የሚሠሩ፣ በአውሮፓ የተጣሉ አሮጌዎች ነበሩ። በዓድዋ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ ወገን ግራ፣ ረሚንግቶን፣ ቬተርሊ፣ ለበልና ሌሎችም በአንድ ሜዳ ላይ ነበሩ። በሌላው ወገን ጣሊያኖች አዲሱ ካርካኖ ሥራ ላይ ውሎ ሳለ በመጋዘን የተከማቸውን የቬተርሊ ጥይት ለመጨረስ ሲሉ ወታደራቸውን የድሮውን ጠመንጃ አስታጥቀው ልከው ነበር። በ1920ዎቹ የመጣው የቤልጅግ ማውዘር፣ ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ የእንግሊዞቹ ኢንፊልድ፣ ከዚያም የቃኘው ሻለቃ በኮሪያ የታጠቀው የአሜሪካ ኤም ዋን፤ እያንዳንዱ የራሱን ጥይት ይዞ መጥቷል፤ አንዱም የሌላውን አይቀበልም።

«አዲስ ጥይት ይገኝለታል?» ለሚለው መልሴ «አይፈልጉ» ነው። የግራን ጥይት ለጦር የሚያመርት ፋብሪካ የለም። ሰዎች የሚሳሳቱት ሚሊሜትሩን ብቻ ይዘው ሲፈልጉ ነው። «7.62» የሚለውን ቁጥር ብቻ ብንወስድ፣ የክላሽ ጥይት ቀለሃው 39 ሚሊሜትር ነው፤ የሩሲያው ሞሲን 54 ሆኖ ባለ ጠርዝ ነው፤ የአሜሪካው ኤም ዋን 63፣ እሱን የተካው 51፣ አጭሩ የኤም ዋን ካርባይን 33 ናቸው። አምስቱም «7.62» ይባላሉ፤ አምስቱም የተለያዩ ናቸው። 8 ሚሊሜትርም ከዚህ አይሻልም፤ የለበልና የማውዘር ጥይቶች በስም ቢቀራረቡም ቀለሃቸው ፈጽሞ አይገናኝም። ማውዘሩ ራሱ እንኳ ሁለት ነው፤ የመጀመሪያው አረር 8.08፣ እ.ኤ.አ. ከ1905 ወዲህ ያለው 8.22 ሚሊሜትር በመሆኑ ወፍራሙን አረር በጠባቡ የድሮ በርሜል ማስወጣት ግፊቱን ከልክ በላይ ያሳድገዋል። አንድ ሰው «8 ሚሊሜትር ነው፣ ይሆናል» ካለዎት የነገረዎት የጥይቱን ግማሽ ስም ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ «ከመቶ ዓመት በኋላማ ሞቷል» የሚለው እምነት ነው። ጥቁር ባሩድ እርጥበት ካላገኘው አይሞትም። ደረቅ ሆኖ የቆየ የግራ ጥይት ዛሬም እንደ ፋብሪካው ቀን ሊፈነዳ ይችላል። ጭስ አልባው ባሩድ በተቃራኒው በጊዜ ብዛት ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስ አሲድ ይወልዳል፤ አሲዱ ናሱን ከውስጥ ይበላዋል። እንዲህ ያለው ጥይት አንዳንዱ አይነሳም፤ አንዳንዱ ቃታ ከተሳበ በኋላ ጥቂት ቆይቶ፣ ሰውዬው «ከሽፏል» ብሎ መዝጊያውን ሲከፍት ይፈነዳል፤ አንዳንዱ ደግሞ አረሩን በርሜል መካከል አስቀርቶ ተከታዩን ጥይት ቦምብ ያደርገዋል። የትኛው ጥይት የትኛውን እንደሚያደርግ ከውጭ አይታወቅም።

ናሱም በራሱ ይደክማል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አዛውንት በነጭ መሐረብ ቋጥረው ያመጡልኝን የለበል ጥይት አልረሳውም። ከሩቅ ሲያዩት ምንም አልሆነም፤ ወደ መስኮቱ አስጠግቼ ሳዞረው ግን ከአፉ ጀምሮ እስከ ትከሻው ድረስ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ወርዶበታል፤ በስንጥቁ ዳርና ዳር ሰማያዊ የቀላቀለ አረንጓዴ ዱቄት ወጥቷል። ሥራው ያለቀለት ቀለሃ ነበር። የት እንዳቆዩት ስጠይቃቸው በቅሎ ከሚያስሩበት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንደኖረ ነገሩኝ። ምክንያቱ ከዚያ ነው፤ ከከብት ሽንት የሚወጣው አሞኒያ ውጥረት ያለበትን ናስ ቀስ በቀስ ይሰነጥቃል። እንግሊዞች ይህን ጉዳይ በህንድ በዝናብ ወራት፣ ከፈረስ ጋጣ አጠገብ ባከማቹት ጥይት ላይ ደርሰውበታል። የእናንተ ዝናር ቆጥ ላይ መኖሩ መልካም ነው፤ አያትዎ ከዚያ በፊት የት ያቆዩት እንደነበር ግን አናውቅም። የዝናሩ ቆዳም ራሱ ናሱን በነካበት ቦታ ሁሉ አረንጓዴ ሰም የመሰለ ነገር ይፈጥራል፤ በቢላ አይፋቁት። በእርሳሱ ላይ የሚያዩት ነጭ ዱቄት መርዝ ስለሆነ የነካ ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ልጆች አይጠጉት።

ወደ ሰማይ መተኮሱን በተመለከተ፣ የጠመንጃው ጉዳይ ባይኖር እንኳ እቃወመዋለሁ። ወደ ላይ የወጣ 25 ግራም እርሳስ ተመልሶ የሚወርደው እንደ አራዳ በሰው በተጨናነቀ ሰፈር ላይ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ወይም በሰው ራስ ላይ ነው። ለአርበኛ ክብር መስጠት የጎረቤትን ልጅ አደጋ ላይ መጣል ሊሆን አይገባም።

ጌጥ ሠሪውንም በሚመለከት ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ከተተኮሱ ቀለሃዎች ዶቃና ጌጥ የሚሠሩ የተከበሩ ባለሙያዎች አሉ፤ የእነርሱ ሥራ ባዶ ቀለሃ ማቅለጥ ነው። የእናንተ ቀለሃዎች ግን ባዶ አይደሉም። ባሩዱና መለኮሻው ያለበትን ጥይት በጉጠት ይዞ የሚያላቅቅ ወይም ወደ እሳት የሚያስገባ ሰው ጣቱን ወይም ዓይኑን አስይዞ ነው የሚሠራው፤ እናንተም የጉዳቱ ተካፋይ ትሆናላችሁ። ከዚህም ሌላ የጦር መሣሪያና ጥይት መያዝ፣ ማዘዋወርና መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተደነገገ፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። ዕድሜውን ቆጥሮ «ይህ ቅርስ ነው፣ ሕጉ አይመለከተኝም» ብሎ በራስ መወሰን አይቻልም። ዕቃው ቅርስ ነው ቢባል ደግሞ የቅርስ ሕግ ይመጣል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ነው። ፒያሳ ያለው ገዢ ዕቃውን ወዴት እንደሚወስደው እናንተ ማወቅ አትችሉም።

የምመክረው አንድ መንገድ ነው፤ በቅደም ተከተሉ ይሂዱበት። ጠመንጃው መጉረሻው ውስጥ ጥይት ሊኖርበት ስለሚችል መዝጊያውን ለመክፈት አይታገሉ፤ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ግድግዳ አዙረው ባገኙበት ሁኔታ ያስቀምጡት። ዝናሩን ከእሳት፣ ከምድጃና ከፀሐይ አርቀው፣ ሳያራግፉት፣ በአንድ ሣጥን ያኑሩት። ከዚያ አያትዎ በሕይወት ሳሉ እንደሰደሩት እያንዳንዱን ጥይት በየኪሱ እንዳለ ከላይና ከጎን ፎቶ ያንሱት፤ አጠገቡ ማስመሪያ ያስቀምጡ። ቂጡ ላይ ያለው ጽሑፍ ጥይቱ ሳይወጣ የሚታይ ከሆነ ለብቻው ያንሱት፤ የማይታየውን ይተዉት። ይህ አሰላለፍ የታሪክ ማስረጃ ነው፤ አንዴ ከተቀላቀለ አይመለስም። የካርካኖዎቹ ስምንት መሆናቸውን ልብ ይበሉ፤ አንድ ማቀፊያ ስድስት ስለሚይዝ ቢያንስ ከሁለት የተለያየ ማቀፊያ የተሰበሰቡ ናቸው። ይህን የሚነግረን ቁጥራቸው ነው።

ቀጥሎ በአካባቢዎ ላለው ፖሊስ ያመልክቱና መጥተው እንዲረከቡ ይጠይቁ። በታክሲ ወይም በግል መኪና ጭነው ወደ ጣቢያ አይውሰዱት፤ መንገድ ላይ በፍተሻ ቢገኝ ሐሳብዎ ቀና እንደነበር ማስረዳት ይከብዳል፤ የጭነቱ መንቀጥቀጥም ለአሮጌ መለኮሻ አይመከርም። ሲያመለክቱ ዕቃው የአርበኛ ውርስ እንደሆነ በጽሑፍ ያስፍሩና የማመልከቻውን ቅጂ ይያዙ። በዚያው ጽሑፍ ሁለት ነገር ለይተው ይጠይቁ። ጥይቶቹ በባለሙያ እንዲመክኑ፤ ጠመንጃው፣ ባዶው ዝናርና ከየዓይነቱ አንድ አንድ የመከነ ጥይት ደግሞ እንዳይወገዱና ለቅርስ ባለሥልጣን ወይም ለሙዚየም እንዲታዩ። ቤተሰቡ ራሱ ሊያቆየው ከፈለገ ፈቃዱን የሚሰጠው ወይም የሚከለክለው ተቆጣጣሪው አካል ነው፤ ያ ውሳኔ እስኪመጣ ድረስ ጠመንጃው በእጃችሁ እንዲቆይ አልመክርም። ፒያሳ ላይ ካለው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ጀምሮ እስከ ስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ድረስ ባለቤቱ፣ ቦታውና ዘመኑ የታወቀ ዕቃ ስም ከሌለው ዕቃ ይልቅ እጅግ ይፈለጋል። አያትዎ ከማን ጋር እንደዘመቱ፣ የትኛው አውራጃ እንደነበሩ፣ ጠመንጃውን ከማን እንዳገኙት አጎትዎ የሚያስታውሱትን ሁሉ፣ የወረቀቱን ጉዳይ ጭምር፣ በዚህ ሳምንት በድምፅ ይቅረጹት። ለሙት ዓመቱ የዝናሩን ፎቶ አሳትመው ከአያትዎ ምስል አጠገብ ማቆም ይችላሉ፤ ከሥሩም «ዘጠኝ የግራ፣ ስድስት የለበል፣ ስምንት ከጠላት የተማረከ የካርካኖ ጥይት» ብለው ይጻፉበት፤ «የተማረከ» የሚለውን ቃል ግን አጎትዎ ሲያረጋግጡልዎ ብቻ ያስገቡ።